ንጉሡ ያቃጠለው ክርታስ፦ የእግዚአብሔር ቃል ከሆነ እንዴት «ተጨመረበት»?

የቅዳሜዋ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆችን መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ትንቢተ ኤርምያስን ይዘናል። ከሦስት ሳምንት በፊት ምዕራፍ 36 ላይ ደረስን።

ታሪኩን ለማታስታውሱ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኤርምያስ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ የ23 ዓመት ስብከቱን በአፉ እየነገረ ባሮክን ክርታስ ላይ አስጻፈው። ባሮክም በጾም ቀን ለሕዝቡ አነበበው። ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰ። ንጉሥ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ ቁጭ ብሎ እሳት እየሞቀ ነበር። ይሁዲ የሚባል ሰው ሦስት አራት ዓምድ ባነበበ ቁጥር ንጉሡ ያነበበውን በካራ እየቆረጠ እሳት ውስጥ ይጥለዋል። እንዲህ እያደረገ ክርታሱን ጨረሰው። ከዚያ እግዚአብሔር ኤርምያስን ሌላ ክርታስ ውሰድና እንደገና ጻፍ አለው። ባሮክም እንደገና ጻፈ። የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ግን «ብዙ ቃል ተጨመረበት» ይላል።

እዚህ ስንደርስ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። መስኮቱ ሥር የሚቀመጥ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። «ቲቸር፣ እግዚአብሔር ቃል በቃል ካስጻፈው ለምን ተጨመረበት? የመጀመሪያው ጎዶሎ ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

ደነገጥኩ። መልስ አልነበረኝም። «እንዲህ ዓይነት ጥያቄ እምነት ያደክማል፣ ወደ ቀጣዩ እንለፍ» አልኩት። ልጁ መጽሐፍ ቅዱሱን ቀስ ብሎ ዘጋው። እስክንጨርስ ድረስ አልከፈተውም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቅዳሜ አልፏል፤ አልመጣም።

አንድ የማከብራቸውን አገልጋይ ጠየቅኳቸው። «ለልጆች ይህን ምዕራፍ ለምን ትነኪዋለሽ? ዝለዪው» አሉኝ። አልተዋጠልኝም። የእግዚአብሔር ቃል ነው ብዬ የማስተምረውን መጽሐፍ እንዴት እዘለዋለሁ?

እኔ ያደግሁት መንፈስ ቅዱስ የጸሐፊውን እጅ ይዞ አጻፈ በሚል ነው። እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ግን የማየው ሌላ ነው። ፍርሃት አለ። «ሂዱ ተሸሸጉ» የሚሉ መሳፍንት አሉ። ቀለም አለ፣ ካራ አለ፣ እሳት አለ። እስቲ ሁለት ነገር አስረዱኝ። «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ደግሞስ ይህ ነገር በዚያ ዘመን ለመሆኑ ከመጽሐፉ ውጭ የሚታይ ነገር አለ? ለልጁ ልደውልለት እፈልጋለሁ። ምን ብዬ እንደምደውል ግን አላውቅም።

የሰባ ዓመት እናት፦

ልጄ፣ የተማርሁት ትንሽ ነው፤ ስለ ክርታሱ የሚያውቁት ይመልሱልሽ። እኔ የምልሽ ልጁን ዛሬውኑ ደውዪለት ነው። መልሱ እስኪገኝ አትጠብቂ። የኔ ልጅ በዚያ ዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ ተቆጥቼው ነበር። ዛሬ አርባ ዓመት አልፎታል። ስለ ሁሉም ነገር ያወራኛል፣ ስለ እምነት ግን አንድ ቃል አይነግረኝም። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ስታብራሪ ቃሉን እንደ ማንኛውም መጽሐፍ አድርገሽ እንዳታሳንሺባቸው። እኔ ስንት ለሊት ያደርሁት በእርሱ ነው።

የነገረ መለኮት ተማሪ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ የመጀመሪያ ዓመት ላይ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል። ከጥቅሱ ልጀምር።

2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16 አማርኛው «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ» ይላል። ግሪኩ አንድ ቃል ነው፤ ቴዎፕኔውስቶስ። «እግዚአብሔር የተነፈሰው» እንደ ማለት ነው። ልብ በዪ፣ ጥቅሱ መጽሐፉ ከማን እንደ ወጣ ይናገራል። በምን መንገድ እንደ ተጻፈ አይናገርም። የጸሐፊው እጅ ተይዞ ነው የሚለውን የጨመርነው እኛ ነን።

ጴጥሮስ ደግሞ ቅዱሳን ሰዎች «በመንፈስ ቅዱስ ተነድተው ተናገሩ» ይላል። ይኸው የግሪክ ግስ ሐዋርያት ሥራ 27 ላይ ጳውሎስ የተሳፈረበት መርከብ በነፋስ ሲነዳ ተጠቅሷል። እኔን የረዳኝ ይህ ነው። መርከቡን የሚወስደው ነፋሱ ነው። መርከቡ ግን ያው መርከብ ነው። ጭነቱም፣ የፈሩት መርከበኞችም ከነበሩበት አልጠፉም።

ሉቃስን እዪው። ወንጌሉን ሲጀምር ራእይ አየሁ አይልም። «በጥንቃቄ ሁሉን ከመጀመሪያው ተከትዬ» ነው የሚለው። ሰው ጠይቋል፣ አጣርቷል። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሲጽፍ ማንን እንዳጠመቀ ይቆጥርና የእስጢፋኖስ ቤተ ሰዎች ትዝ ይሉታል። ቀጥሎ ሌላ አጥምቄ እንደ ሆነ አላውቅም ይላል። ረስቷል! እኔ ይህን ጥቅስ እወደዋለሁ። «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት» ባለበት በዚያው መልእክት ደግሞ አንድ ምዕራፍ ወረድ ብሎ ጢሞቴዎስን ከጢሮአዳ በርኖሴን አምጣልኝ፣ ከክረምት በፊት ድረስልኝ ይለዋል። የበረደው እስረኛ ነው የጻፈው።

የእኛ ወንጌላውያን መምህራን ይህን ይክዳሉ ብለሽ አትስጊ። በ1978 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ከ200 በላይ ወንጌላውያን ምሁራንና መሪዎች ተሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስ ስሕተት የለበትም የሚል መግለጫ አውጥተዋል። ከዚያ የጠበቀ አቋም አታገኚም። እነርሱ እንኳ እግዚአብሔር የጸሐፊዎቹን ባሕርይና አጻጻፍ እንደ ተጠቀመበት፣ ማንነታቸውን እንዳልደመሰሰ በግልጽ ጽፈዋል። ካቶሊኮችም በ1965 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ጸሐፊዎቹን እውነተኛ ደራሲዎች ብለዋቸዋል። ትምህርት ቤት እንደምንጽፈው ቃል ጽሕፈት አድርጎ የሚያስብ መምህር ዛሬ ጥቂት ነው። ችግሩ ይህ ትምህርት ወደ ቅዳሜ ክፍላችን ሳይወርድ መቅረቱ ነው።

የጸሐፊው ልጅ፦

እህቴ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ዕድሜዬም ስድሳን ሊነካ ነው። ይህን ምዕራፍ የማነበው በአባቴ ዓይን ነው። አባቴ ጎጃም ውስጥ ብራና ጸሐፊ ነበር።

ልጅ ሳለሁ ሥራዬ ከምጣድ ሥር ጥላሸት መሰብሰብ ነበር። ቀለሙ ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ይሠራል። ይወቀጣል፣ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ለወራት ይቀመጣል። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። የፍየል ቆዳው ተወጥሮ ይፋቃል። መስመሩ የሚሰመረው በወስፌ ነው። ቀለም የለውም፤ ብራናውን ወደ ብርሃን ጋደል ስታደርጊው ብቻ ይታያል። ብርዑ መቃ ነው። ጫፉ ሲደንዝ አባቴ በትንሽ ካራ ይቀርጸዋል። ሲሳሳትም በዚያችው ካራ ይፍቃል። ጋቢው ላይ የምትቀመጥ ካራ ነበረች፤ ማንም አይነካትም።

አንድ የዕብራይስጥ አዋቂ ኢዮአቄም ክርታሱን የቆረጠበት ካራ በዕብራይስጡ «የጸሐፊ ካራ» እንደሚባል ሲነግረኝ ሰውነቴን ወረረኝ። ብርዕ የሚቀረጽበት ካራ ነው! ከጸሐፊ እጅ ወስዶ ጽሑፉን ቆረጠበት። ይህን የጻፈ ሰው የጸሐፊ ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ነው።

ሌላም አለ። መሳፍንቱ ባሮክን «ይህን ቃል እንዴት ጻፍኸው?» ብለው ይጠይቁታል። ባሮክ ሰማይ ተከፈተልኝ አላለም። እርሱ በአፉ ይነግረኝ ነበር፣ እኔም በቀለም እጽፍ ነበር አለ። በቃ። በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ውስጥ «ቀለም» የሚለው ቃል የሚገኘው በዚህች ቦታ ብቻ ነው። ኤርምያስ ለባሮክ እንዴት እንደ ነገረው ምዕራፉ ይነግረናል። እግዚአብሔር ለኤርምያስ እንዴት እንደ ነገረው ግን ዝም ይላል። አባቶች ዝም ያሉትን እኛ ባናወራ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ጎዶሎ ነበር ወይ? ከቁጥር 29 እስከ 31 አብራችሁ አንብቡ። እዚያ ያለው ቃል ስለ ኢዮአቄም ራሱ ነው፤ ክርታሱን ስላቃጠለ የሚመጣበት ፍርድ ነው። ይህ በመጀመሪያው ክርታስ ላይ እንዴት ይጻፋል? ገና አላቃጠለም ነበር። የመጀመሪያው ለተጻፈበት ቀን ሙሉ ነበር። ቁጥር 3 ላይ «ምናልባት» ይሰሙና ይመለሱ ይሆናል ብሎ ነው እግዚአብሔር ያስጻፈው። አልሰሙም። እርሱም እንደገና ተናገረ። ቃሉ ተነግሮ እንዳለቀ ነገር ሳይሆን ከሚናገር አምላክ እንደሚመጣ ነገር ነው የማየው። «ተጨመረበት» ይላል፤ ማን ጨመረው አይልም። 

አንድ ቀን አባቴ ወንጌል ሲገለብጥ አንድ መስመር ዘለለ። ሁለት መስመሮች በአንድ ቃል ሲያልቁ ዓይን ከላይኛው ወደ ታችኛው ይንሸራተታል። ያወቀው ገጹን ከጨረሰ በኋላ ነው። ብዙ ስለሆነ መፋቅ አልቻለም። የቀረውን ከላይ በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ጽፎ፣ መግባት ባለበት ቦታ ትንሽ ምልክት አደረገ። «አባዬ፣ መጽሐፉ ተበላሸ?» አልኩት። «የሳተው የኔ እጅ ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ያ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ገባ። ካህኑ በዚያው ገጽ ላይ አንብበው ሲሳለሙት በዓይኔ አይቻለሁ። ምልክቷ እዚያው ነበረች።

እኛ ዘንድ መምህሩ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወደ ንባቡ ከመግባቱ በፊት ጸሐፊው ማን እንደ ነበር፣ መቼና ለማን እንደ ጻፈ ያወጋል። ከዚያ ንባቡ፣ ከዚያ ትርጓሜው፣ «አንድም» እያለ ይቀጥላል። ዘመኑን መጠየቅ ፈረንጅ ያመጣብን ነገር አይደለም። 

ልጁ ወደ ፊት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሌላም ይሰማልና ካንቺ ቢሰማው ይሻላል። የኤርምያስ የግሪኩ ትርጉም ከዕብራይስጡ ከስምንት እጅ አንዱን ያህል ያጥራል። ሙት ባሕር አጠገብ ባለው ቁምራን ዋሻ ውስጥም ያንን አጭሩን የሚመስል የዕብራይስጥ ቁራጭ ተገኝቷል። የኛ የግእዝ ብሉይ የተተረጎመው ከግሪኩ ነው። አባቶቻችን ይህን መጽሐፍ ይዘው ጸልየዋል፣ ጾመዋል፣ ሞተዋል። 

የነገረ መለኮት ተማሪ፦

ጋሼ፣ ስለ ካራዋ የጻፉትን ሦስቴ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን ልለይ። የአባትዎ ስሕተት የገልባጭ ስሕተት ነው። የእግዚአብሔር እስትንፋስ አለበት የምንለው ነቢዩ ያስጻፈውን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ነው። ሁለቱን ከቀላቀልን ልጆቹ ነቢዩም እንደዚያው ሳተ ብለው ይወስዱታል። እህታችን ክፍል ውስጥ ይህን ብትለየው ጥሩ ይመስለኛል።

የጸሐፊው ልጅ፦

ልክ ነህ ልጄ፣ ትለየው። እኔም ነቢይና ገልባጭ አንድ ናቸው አላልኩም። ግን ይህንንም አስብበት። እዚህ ምዕራፍ ላይ የመጀመሪያው ጽሑፍ ተቃጥሏል። በኢዮአቄም ምድጃ ውስጥ ዐመድ ሆኗል። እኛ ዘንድ የደረሰው ከሁለተኛው የመጣው ነው፤ እርሱም ብዙ ቃል የተጨመረበት። እግዚአብሔር የመጀመሪያውን ቅጂ ከእሳት ማውጣት አላቃተውም። ሌላ ክርታስ ውሰድ ነው ያለው። 

ደግሞ ምዕራፍ 45ን አትርሱ። አምስት ቁጥር ብቻ ናት። በዚያው ዓመት፣ ባሮክ ይህን ሲጽፍ ደክሞት አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ለጸሐፊው ለብቻው ተናገረው። አባቴ ወገቡን ሲያመው ይህችን ያነብ ነበር።

ከኢየሩሳሌም፦

ሰላም። እኔ እዚህ ኢየሩሳሌም ነው የምሠራው። ሁለተኛውን ጥያቄሽን ልሞክር።

ከቤተ መቅደሱ ተራራ በስተ ደቡብ ቁልቁል ሲወረድ የዳዊት ከተማ የሚባል የቁፋሮ ቦታ አለ። በ1982 እ.ኤ.አ. ይጋል ሺሎ የሚባል አርኪዮሎጂስት በሚመራው ቁፋሮ እዚያ አንድ ቤት ውስጥ ሃምሳ ያህል የጭቃ ማኅተሞች ተገኙ። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ተጠቅልሎ በክር ይታሰራል። ክሩ ላይ እርጥብ ጭቃ ይደረግና በማኅተም ይጫናል። መጠኑ የጣት ጥፍር ያህል ነው። ባቢሎናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ከተማዋን ሲያቃጥሉ ጽሑፎቹ ሁሉ ነደዱ። ጭቃው ግን በእሳቱ እንደ ሸክላ ተጠብሶ ቀረ።

ከእነርሱ አንዱ ላይ «የሳፋን ልጅ የገማርያ» የሚል ተጽፏል። አሁን ኤርምያስ 36፥10ን ክፈቺ። ባሮክ ክርታሱን ለሕዝቡ ያነበበው በጸሐፊው በሳፋን ልጅ በገማርያ ክፍል ውስጥ ነው። ቁጥር 25ን ደግሞ እዪ። ንጉሡን አታቃጥል ብለው ከለመኑት ሦስት ሰዎች አንዱ ገማርያ ነው። ማኅተሙ ላይ ሥራው አልተጻፈም። የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ቦታውና የፊደሉ ዘመን ግን ስለሚገጥሙ ብዙ ምሁራን ያው ሰው ነው ይላሉ። አታቃጥል ብሎ የለመነው ሰው ስም በእሳት ተጠብቆ ተገኘ። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጾሙም የራሱ ታሪክ አለው። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ያለ የባቢሎን ዜና መዋዕል የተጻፈበት የሸክላ ጽላት ናቡከደነፆር በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት፣ በኪስሌው ወር አስቀሎናን ይዞ እንዳፈራረሳት ይናገራል። ይህ ከክርስቶስ ልደት በፊት 604 መጨረሻ ላይ ነው። ኪስሌው ዘጠነኛው ወር ነው። ኤርምያስ 36፥9 ሕዝቡ ጾም ያወጀው በኢዮአቄም አምስተኛ ዓመት በዘጠነኛው ወር ነው ይላል። ለዚህ ነው ብዙዎች ሁለቱን የሚያገናኙት። አስቀሎና ከዚህ ሩቅ አይደለችም። ሕዝቡ የጾመው ጠላት ደጅ ደርሶ ነው። ንጉሡ እሳት የሚሞቀው በዚያ ሰዓት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የባሮክ ማኅተም ነው ተብሎ በኢንተርኔት የሚዞር ፎቶ አለ። እርሱ ከቁፋሮ ሳይሆን ከገበያ የመጣ ነው፤ የመረመሩት ሰዎችም ሐሰተኛ ነው ብለዋል። ለልጁ እርሱን አታሳዪው። በኋላ ሲያውቅ እውነተኛውንም ይጠራጠራል።

የቅዳሜዋ መምህርት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

እናቴ፣ እንዳሉኝ በዚያው ምሽት ደወልኩለት። በሦስተኛው ነው ያነሳው። «የጠየቅኸው ጥያቄ ትክክል ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ቲቸር፣ ከክፍል የምታስወጪኝ መስሎኝ ነው የቀረሁት» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስለ ልጅዎም ጸለይኩ።

ቅዳሜ መጣ። ያው መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ለልጆቹ አንዳንድ ወረቀት ሰጠኋቸውና እኔ ኤርምያስ፣ እናንተ ባሮክ ናችሁ አልኳቸው። አምስት ቁጥር በቃሌ እየነገርኩ አስጻፍኳቸው። ከዚያ ወረቀታቸውን ተለዋወጡ። አንዱ «ንጉሥ»ን በንጉሡ ሠ፣ ሌላዋ በእሳቱ ሰ ጽፋለች። አንዱ ዘግይቶ አንድ ቃል አምልጦት ከመስመሩ በላይ አስገብቶታል። ጋሼ፣ ያን ሳይ ስለ አባትዎ ነገርኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ተማሪው ወንድሜ፣ የነቢዩንና የገልባጩን ልዩነትም ለየሁላቸው። በርኖሱን ስነግራቸው አንዲት ልጅ «ደረሰለት ወይ?» አለችኝ። እንደማይታወቅ ነገርኳት።

ከቁጥር 29 እስከ 31 ያለውን ያነበበው ራሱ ጠያቂው ነው። አነበበና ትንሽ ቆየ። «እሺ፣ ገና አላቃጠለማ» አለ።

ከዚያ ስለ ማኅተሙ ስነግራቸው ወዲያው «ገማርያ በኋላ ምን ሆነ?» አለኝ። አብረን ፈለግን። ከዚያ ምዕራፍ በኋላ ስሙ አይነሳም። ወንድሙ አኪቃም ምዕራፍ 26 ላይ ኤርምያስን ከሞት ሲያድነው አገኘን። የአኪቃም ልጅ ጎዶልያስ ከተማዋ ከወደቀች በኋላ ገዥ ሆኖ ሲገደል አገኘን። አባታቸው ሳፋን ደግሞ 2ኛ ነገሥት 22 ላይ አለ። በቤተ መቅደስ የተገኘውን መጽሐፍ ለኢዮስያስ ያነበበው እርሱ ነው፤ ኢዮስያስም ሲሰማ ልብሱን ቀደደ። ኢዮስያስ የኢዮአቄም አባት ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚያ እንጀምራለን። ንባቡን እኔ ላንብብ ብሏል።